የሐሙስ ወንበር

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበትን ክፍልና አማቷ የሚተኙበትን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። በአማቷ አልጋ በኩል፣ ከትራሱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል ጎድጓዳ ምልክት አለች። ቀለሟ ለቆ ግራጫው ልስን ይታያል። የማንኪያ ሥራ ናት። አማቷ ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቆሙ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ከስፌት መኪናው ጩኸት በላይ ስለማይወጣ የሚጣሩት በማንኪያ ነው። አንድ ጊዜ ካንኳኩ ውሃ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ጎኔ ደከመ፣ አገላብጪኝ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሲሆን ምንም አይፈልጉም፤ «አለሽ ወይ?» ማለታቸው ነው። ከሁሉም የሚበዛው ሦስቱ ነው።

«አለሁ እማማ!» ትላለች ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ።

ለአንድ ሱቅ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሰማያዊው ጨርቅ በጥቅል ይመጣላታል፤ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ኮሌታውን ተኩሳ ትመልሳለች። የሱቁ ሠራተኛ ራሱ አምጥቶ ራሱ ስለሚወስደው ለሥራም ብላ ከቤት አትወጣም። ባሏ የመንገድ ሥራ ላይ የዶዘር ኦፕሬተር ነው፤ በሁለት ወር አንዴ ብቅ ይላል። አንዲት ልጃቸው አግብታ ርቃለች። ባሏ ሲደውል የስልኩ መዝጊያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እናቴን አደራ»። እሷም «አታስብ» ትለዋለች። እሱ እውነትም አያስብም።

አንድ ቀን ትከሻዋን አሟት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጋ፣ አገላብጣ አይታ፣ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ከቤት የምትወጪው መቼ መቼ ነው?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። «ዛሬ» አለች በመጨረሻ።

ነርሷ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለአዋቂዎች የሥዕል ትምህርት በነፃ ይሰጥ ነበርና ስሟን ጽፋ ላከችላት። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ተኩል። የባሏ ታናሽ እህት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እረፍቷ ስለሆነ ከእናቷ ጋር ልትቀመጥ ተስማማች። ልብስ ሰፊዋ ለሁለቱም የነገረቻቸው ግን «ሥልጠና አለኝ» ብላ ብቻ ነው። እነሱ የስፌት ሥልጠና መሰላቸው፤ እሷም አላረመቻቸውም። በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ሁለት ሰው ፊት ቆማ «ሥዕል ልማር ነው» ማለት አፈረች። ከዚህ በፊት ከጠመኔ መስመር ሌላ ምንም ስላ አታውቅም።

መማሪያው ከአንድ የጎማ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አዲስ ጎማ ጎማ ይሸታል። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ድርጅቱ ከየቦታው ለምኖ ነው ያመጣቸው። የእሷ ባለ መደገፊያ የእንጨት ወንበር ነው፤ ከመስኮቱ ሥር። በሩ ላይ አስተባባሪው የለጠፈው ወረቀት አለ፤ በተከታታይ ሦስት ሐሙስ የቀረ ሰው ወንበሩ ለተራ ጠባቂ ይሰጣል ይላል። ከሥሩ የተራ ጠባቂዎቹ ስም ተደርድሯል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ቀን ቆጥራቸው ነበር፤ አርባ አንድ ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ሥዕል ሊሰቅል ግድግዳ ላይ ሚስማር መታ፤ ቋ ቋ ቋ። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ «አለሁ እማማ!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ያዳናት አጠገቧ የሚቀመጠው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

«አይዞሽ እህቴ» አላት ሳቁን እየዋጠ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቼ ዛሬም ቤት ውስጥ በር በተዘጋ ቁጥር ቀኝ እግሬ ነዳጅ ይረግጣል። ባለቤቴ ‹ፍሬን ያዝ፣ ሳሎን ነው ያለኸው› ትለኛለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስን እንደ ልጅ ትጠብቀው ጀመር። ሥዕሉን ስለቻለችበት አይደለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እጇ የመሣያ ከሰል እንደያዘ ማንም አይጠራትም ነበር።

መምህሯ ከሰል ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ወጣት ሴት ናት። አንድ ሐሙስ «በደንብ የምታውቁትን ሰው ፊት ሳሉ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ከአማቷ ፊት የበለጠ የምታውቀው የለም፤ ሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት አጥባዋለች። ስትሥለው ግን እጇ የለመደውን አደረገ። ግንባሩን ለብቻው፣ ሁለቱን ጉንጮች እንደ ሸሚዝ ፊት ግራና ቀኝ፣ አፍንጫውን እንደ እጅጌ ዘርግታ፣ አንገቱን እንደ ኮሌታ አጥፋ፣ አንዱን ከሌላው ነጣጥላ ወረቀቱ ላይ ደረደረችው። በእያንዳንዱ ዙሪያ ሁለት ሁለት መስመር አሰመረች።

ሹፌሩ አንገቱን አሰገገ። «እንዴ እህቴ! ሴትየዋን ገፈሽ አሰጣሻት እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። መምህሯ መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

«ይሄ ሁለተኛው መስመር ምንድን ነው?»

«ለስፌት የሚተርፈው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ። «አንድ ሳንቲሜትር ተኩል። ካልተረፈለት ሲሰፋ ይጠባል።»

«ፊቱ?»

«ማንኛውም ነገር።»

መምህሯ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። «እንዳታጠፊው» አለቻት። «እንደዚሁ በትልቅ ወረቀት ሥሪው። ልኩን ግን ከራሳቸው ፊት አምጪ፤ በግምት አይሁን።» ከዚያም ወረቀቱን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ የሥልጠናው ማብቂያ ላይ ለሕዝብ እስኪታይ ድረስ ሥዕል ወደ ቤት አይወሰድም።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የአማቷን ፊት አጥባ ካደረቀች በኋላ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ከፀጉራቸው መነሻ እስከ ቅንድባቸው ለካች። ከጆሮ እስከ ጆሮ ለካች። አገጫቸው ላይ ያለችውን የድሮ ጠባሳ ሳይቀር ለካቻት፤ ሁለት ሳንቲሜትር ናት። አንገቱ እንዲገጥምላት ብላ ከትከሻ እስከ ትከሻም ለካች። እየለካች በቅድ ወረቀት ጠርዝ ላይ ቁጥሩን ትጽፋለች።

የአማቷ ዓይን በሞራ ተጋርዷል፤ የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። ሜትሩ ግን ቀዝቃዛ ነበርና ተሰማቸው።

«ምን ልትሰፊልኝ ነው ልጄ?»

«ለሥልጠናው የሚያስፈልግ ነው እማማ።»

«ተኝቼ ልለካ?»

«እንደተኙ ይሻላል፤ አይንቀሳቀሱብኝ።»

አማቷ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ግድግዳው አልተንኳኳም። ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት፤ ሳትነሳ አሥራ አንድ ኮሌታ ጨረሰች። በሁለተኛው ቀን ግን ዝምታው ከማንኪያው በላይ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ምሳ ይዛ ስትገባ አማቷ አፋቸውን ገጥመው ጠበቋት። «ለእኔ ብለሽ አትድከሚ» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እስከ ሐሙስ ድረስ በግድ ነው ያጎረሰቻቸው።

ሐሙስ የባሏ እህት መጣች። እናቷ ክፍል ገብታ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየችና እሳት ጎርሳ ወጣች።

«እትዬ፣ እናቴን በቁሟ ለከፈን ለካሻት?»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ልትለብስ አንድ እጇን አንስታ ነበር፤ እጇ እዚያው ቀረ። «የምን ከፈን?»

«ቆሞ የሚለካ ሰው ቀሚስ ይሰፋለታል፤ ተኝቼ የምለካው ምን ሊሰፋልኝ ነው እያለች ታለቅሳለች! ከትከሻ እስከ ትከሻ ለክተሽ ጻፍሽ አይደል? ቸኮልሽ እንዴ?»

«ሥዕል ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምኑ?»

«የእማማን ሥዕል እየሠራሁ ነው።»

«በሜትር!» የባሏ እህት በንዴት ሳቀች። «ሥዕል በሜትር ይሳላል? ደግሞስ አንቺ የስፌት ሥልጠና አይደል የምትሄጂው?»

«የሥዕል ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ።»

«እሺ አሳዪኛ። የታለ?»

«እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።»

የባሏ እህት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «አንዴ ስፌት፣ አንዴ ሥዕል፣ አንዴ ቁም ሳጥን። እኔ ከዚህ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ አለኝ። ወንድሜ አደራ የሰጠው ለአንቺ ነው፤ ቁጭ ብለሽ ጠብቂያት።»

በሩ ተዘጋ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን መልሳ ምስማሩ ላይ ሰቀለች። ያ የመጀመሪያው የቀረችበት ሐሙስ ሆነ።

በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩን በየአቅጣጫው አገላብጣ አየችው፤ በሁሉም በኩል የተሰፋ ነበር። ወረቀቱን ካላሳየቻቸው አያምኗትም። ወረቀቱን ለማሳየት መሄድ አለባት። ለመሄድ ከአማቷ ጋር የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል፤ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ካላመኗት የለም። ጎረቤት ልትለምን አሰበች። ግን አማቷ ጎናቸው ቆስሎ ስለነበር ማገላበጡን የማያውቅ እጅ ሊነካቸው አይችልም፤ እሳቸውም የባዕድ እጅ ሲነካቸው እንደ ልጅ ነው የሚያለቅሱት። ሁለተኛውንም ሐሙስ መስኮት ላይ ቆማ ሰዓት እያየች አሳለፈችው። ስምንት ተኩል ሲሆን ወንበሯ ታያት፤ አሥር ተኩል ሲሆን ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ማታውን መምህሯ ደወለች። «የፊታችን ሐሙስ ከቀረሽ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ደንቡ የኔ አይደለም። የመጀመሪያዋን ተራ ጠባቂ ጠርተዋታል፤ በር ላይ ትጠብቃለች።»

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዕድሜዋን ሙሉ ለሁሉም ነገር ያለችው «እሺ» ነው።

በማግስቱ ከዩኒፎርሙ የተረፈውን ሰማያዊ ቁርጥራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ልኩ ቅድ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ነበር። ዓይናቸው ስለማያይ ወረቀት ላይ ብትሥልላቸው ዋጋ የለውም፤ በእጃቸው የሚያውቁት ነገር ያስፈልጋል። ግንባሩን ቆረጠች፤ ጉንጮቹን ቆረጠች፤ አፍንጫውን ከሦስት ቁራጭ አቆመችው። የዓይኖቹን ጉድጓድ ሰብሰብ አድርጋ ሰፋች። በመካከሉ የቁርጥራጭ ክር ጠቀጠቀችበት። ጠባሳዋን በእጇ፣ በጥቃቅን ስፌት፣ ከአገጩ በስተግራ ሠራቻት። አራት ቀን ፈጀባት፤ የሱቁ ሠራተኛ መጥቶ ኮሌታው አልደረሰም ተብሎ እያጉረመረመ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ይዛላቸው ገባች። «እማማ፣ የለካሁት ለዚህ ነው» ብላ እጃቸው ላይ አኖረችው።

አማቷ መጀመሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ አንዲት ጣት ዘረጉ፤ ከዚያ ሁለቱንም መዳፍ። ጣቶቻቸው ግንባሩ ላይ ሄዱ፤ ወደ አፍንጫው ወረዱ፤ አገጩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግራ እጃቸው ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀኙን ወደ ራሳቸው አገጭ ወሰዱት።

«ይቺን ከደረጃ ወድቄ ነው ያገኘኋት» አሉ። «ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«አዎ እማማ።»

«አፍንጫዬን አሳንሰሽዋል።»

«ልኩ ነው እማማ። አምስት ሳንቲሜትር።»

«በወጣትነቴ ትልቅ ነበር። ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ሰማያዊ ፊት!» አሉና አማቷ ሳቁ፤ ከሰባት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ልብስ ሰፊዋ ሰምታ አታውቅም። «ስልኩን አምጪልኝ። ለልጄ ልንገራት። እኔ ከፈን መስሎኝ እኮ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ ራሰ። ለነገ የምትለብሰውን ቀሚስ በዚያው ሰዓት ተኮሰች።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የባሏ እህት ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ተሸክማ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» ብላ አቀፈቻት። ከዚያ ከረጢቱን እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ዘረገፈችው፤ የቀለም ቱቦዎች፣ ብሩሾች፣ ሁለት ደብተር የሥዕል ወረቀት፣ እርሳስ።

«ሁሉንም ገዛሁልሽ። ከእንግዲህ ለዚህ ብለሽ ደረጃ መውጣት የለብሽም። እዚሁ፣ እናታችን አጠገብ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ።»

«እውነቷን እኮ ነው» አሉ አማቷ፤ ሰማያዊው ፊት ደረታቸው ላይ ነበር። «እንዲህ አሳምረሽ እዚሁ መሥራት ከቻልሽ ምን ያስወጣሻል? ጠረጴዛሽን ወደዚህ እናስገባዋለን። ማንኪያም አያስፈልገኝም፤ እጄን ስዘረጋ አገኝሻለሁ።»

ሁለቱም ፈገግ ብለው ጠበቋት። ልብስ ሰፊዋ ቀለሞቹን አየቻቸው። ውድ ነበሩ፤ ታስቦበት ነው የተገዙት። ቢቆጧት ኖሮ እንደለመደችው አንገቷን ደፍታ ትተወው ነበር። እንዲህ በፍቅር ሲሆን ግን በሩ ለዘለዓለም እንደሚዘጋ ገባት፤ እድሜ ልኳን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ውስጡ ትኖራለች። ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር።

«ሥዕሉን ብዬ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች የባሏ እህት።

«ለሥዕሉ ብዬ አይደለም የምሄደው። ለመውጣት ነው።»

አማቷ ጨርቁን በጣታቸው እያሻሹ ቆዩ።

«ከእኔ ለመውጣት?»

ልብስ ሰፊዋ «አይ፣ ምን ሲደረግ!» ልትል አፏን ከፈተች። ሰባት ዓመት ያለችው ይህንኑ ነው። «አዎ እማማ» አለች። «ከእርስዎም ነው።»

የባሏ እህት ደንግጣ አንድ ብሩሽ ከእጇ ጣለች። አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ከዚያ በኩል መጣ።

«እኔስ ከዚህ አልጋ መውጣት ያማረኝ አይመስልሽም? አንቺ ብቻ የታሰርሽ መሰለሽ?»

«አይመስለኝም እማማ።»

«እንግዲያው ሂጂ። ስትመለሺ ግን ዛሬ እንዳታናግሪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ሥር ወድቃ የምታባብልበትን ቃል መፈለግ ጀምራ ነበር፤ ቃሉ ከተገኘ ግን መቀመጧ እንደማይቀር ታውቀዋለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቀኝ አገላብጫቸው፤ ትራሱን ጉልበታቸው መካከል አድርጊ» አለቻት የባሏን እህት፣ ዓይኗን ሳታያት። የተኮሰችውን ቀሚስ ሳትለብስ፣ ክር የተጣበቀበትን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወጣች።

ደረጃው ላይ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። የክፍሉ በር ክፍት ነበር። ሹፌሩ አያትና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከመስኮቱ ሥር፣ የእንጨቱ ወንበር ላይ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ተቀምጣለች። አዲስ እርሳስ በሁለት እጇ ይዛለች፤ እርሳሱ ገና አልተቀረጸም። የእጆቿ ቆዳ ከሳሙናና ከውሃ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ልብስ ሰፊዋ የአስታማሚን እጅ ከሩቅ ታውቀዋለች። በጉልበቷ ላይ የቤት ቁልፍ አስቀምጣለች፤ አንድ ሰው ቶሎ ተመለሺ ብሎ እንደላካት ሁሉ።

መምህሯ ከመዝገቡ ቀና አለች። «የማትመጪ መስሎኝ…» አለችና ሁለቱን ሴቶች አፈራርቃ አየቻቸው። ሌላ ወንበር አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ሁልጊዜ የምትለው ቃል እስከ ምላሷ ጫፍ መጣ፤ «ግድ የለም፣ ትቀመጥ»። መልሳ ዋጠችው።

«ይቅርታ እህቴ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ወንበሩ የእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ቁልፏን አነሳች፤ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ተነስታ፣ አፈር እንዳለበት ሁሉ፣ የወንበሩን መቀመጫ በእጅጌዋ ጠረገችላት። በልብስ ሰፊዋ አጠገብ ስታልፍ ትከሻቸው ተነካካ። በደረጃው ስትወርድ ዳናዋ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።

መምህሯ ስሟን ጠራች።

«አለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሄዳም ተቀመጠች። ወንበሩ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም።